ኤንሴሊያዬ በኦገስት ደረቀ፤ ልንቀለው ወይስ ልታገሠው?

ሚሚ ሎንግ ቢች

ሰላም ናችሁ የአትክልት ወዳጆች። የምኖረው ሎንግ ቢች ነው፣ ወደ ባሕሩ በእግር በሚደረስበት ሰፈር። የፊት ለፊቱን ሳር አስነቅለን፣ ውሃ የማይፈጅ ነገር እንትከል ተባባልን። ችግኝ መሸጫው (ነርሰሪው) ውስጥ የሚሠራው ልጅ ኤንሴሊያ ካሊፎርኒካ የሚባል ቢጫ አበባ አሳየን። ልቡ ጥቁር ቡናማ ነው፣ ዙሪያው ወርቅ። ከሩቅ ላየው አደይ ይመስላል። እውነቱን ለመናገር እኔም የወደድኩት ለዚሁ ነው።

ከፌብሩዋሪ እስከ ጁን ያየነው አበባ ሌላ ነው። መንገደኛ ሁሉ እየቆመ ፎቶ ያነሳ ነበር። ኦገስት ሲገባ ግን ጉድ ፈላ። ቅጠሉ ተጨማደደ፣ ከዚያ ረገፈ። የቀረው ቡናማ ጭራሮ ነው።

እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ እኛ ጋ ናት። በየማለዳው የውሃውን ጎማ ይዛ ትወጣለች። «ምስኪኑን በውሃ ጥም ገደላችሁት» ትለኛለች። ባለቤቴ ነቅለን ጽጌረዳ እንትከል ባይ ነው። በዚያ ላይ የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር «የደረቀውን ተክል አንሱ» የሚል ደብዳቤ ልኮልናል።

እውነት ሞቷል? ውሃ ላብዛለት? ደግሞ እንቁጣጣሽ እየደረሰ ነው። በሴፕቴምበር ግቢዬ ውስጥ ቢጫ አበባ ማየት ብፈልግ ምን ይሻለኛል? ያወቀ ይንገረኝ።

ቤዛ ኤልኤ

ፎቶ ለጥፊ እስቲ። «ደረቀ» ስንት ዓይነት አለው።

ሚሚ ሎንግ ቢች

ይኸው ለጠፍኩ። አትሳቁብኝ።

አትክልተኛው ሳንዲያጎ

ሚሚ፣ እንዳትነቅይው!

እኔ እዚህ ሳንዲያጎ እንጀራዬ የሰው ግቢ ማሳመር ነው። ኦገስት በመጣ ቁጥር ስልኬ የሚጮኸው በዚሁ ጉዳይ ነው። ሁሉም «አበባዬ ሞተ» ይላል። አብዛኛው አልሞተም።

ኤንሴሊያ ካሊፎርኒካ የዚሁ የባሕር ዳርቻ ተወላጅ ነው። ከሳንታ ባርባራ አካባቢ ጀምሮ እስከ ሜክሲኮዋ ባሃ ካሊፎርኒያ ድረስ፣ ባሕሩን በሚያዩ ኮረብታዎች ላይ ማንም ሳያጠጣው ይኖራል። እዚህ ዝናብ የሚጥለው በአብዛኛው ከኖቬምበር እስከ ማርች ነው። ሳንዲያጎ በዓመት የምታገኘው 250 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። አዲስ አበባ ከ1,000 በላይ ታገኛለች፤ ያውም አብዛኛው ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ይወርዳል። እናትሽ በነሐሴ ሁሉ ነገር ለምልሞ ያደጉ ሰው ናቸው፣ አይፈረድባቸውም። ይሄ ተክል ግን በነሐሴ ይተኛል። ቅጠሉን የሚጥለው በቅጠሉ በኩል ውሃ እንዳያመልጠው ነው።

መሞት አለመሞቱን ማወቅ ቀላል ነው። ከመሬቱ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ግንዱን በአውራ ጣትሽ ጥፍር ሳሳ አድርገሽ ፋቂው። ከቡናማው ልጥ ሥር እርጥብ አረንጓዴ ካየሽ በሕይወት አለ። ከዚያ ቅጠሉ የረገፈበትን ቦታ ጠጋ ብለሽ እዪው። የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ግራጫማ እምቡጥ ትታይሻለች። ዝናቡ ሲመጣ አዲሱ ቅጠል የሚወጣው ከእሷ ነው። ስትፍቂው ደረቅ እንጨት ብቻ ካገኘሽ ዝቅ ብለሽ ድገሚው። እስከ አፈሩ ድረስ ደረቅ ከሆነ ያኔ አበቃለት።

የማለዳውን ውሃ ግን ዛሬውኑ አስቁሚ። በዚህ ወቅት አፈሩ ሞቃት ነው። ሙቀትና እርጥበት ሲገናኙ ሥር የሚያበሰብሱ ነገሮች ይነቃሉ፤ ፋይቶፍቶራ የሚባለው ዋናው ነው። ሥር ያልያዘ ችግኝ ከሆነ በሁለት ሳምንት አንዴ ጠለቅ አድርጎ ማጠጣት ነው። ሥር ከያዘ ደግሞ ባሕር ዳር ላይ በወር አንዴ ይበቃዋል። ጨርሶ ባይጠጣም አይሞትም።

ማዳበሪያ የሚባል ነገር አታስጠጊው። ፍግም ቢሆን። ይወፍርና ይወድቃል።

ቤዛ ኤልኤ

እናትየውን ማን ይከልክላቸው? የኔ እናት ስትመጣ የፕላስቲክ አበባ ሳይቀር ነው የምታጠጣው 😂

አትክልተኛው ሳንዲያጎ

መከልከል አይደለም፣ ሥራ መስጠት ነው። እኔ ደንበኞቼን እንዲህ ነው የምመክረው። ከጓሮ በኩል አንድ መደብ አዘጋጂላቸውና በሶብላ፣ ጤና አዳም፣ ቃሪያ፣ ጎመን ይትከሉበት። ውሃ የሚፈልገውን እዚያ ጠዋት ማታ ያጠጡ። የፊት ለፊቱን ይረሱታል።

ገነት ኦክላንድ

የማኅበሩን ደብዳቤ በተመለከተ፦ ሚሚዬ፣ አትደንግጪ። በካሊፎርኒያ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 4735 የሚባል አለ። የቤት ባለቤቶች ማኅበር ውሃ ቆጣቢ ተክል እንዳይተከል መከልከል አይችልም። ሳር ነቅሎ በዚህ ዓይነት ተክል መተካትንም መከልከል አይችልም። መልስ ስትጽፊ አንቀጹን ጥቀሺላቸው።

ግን ሕጉ ግቢው ይዝረክረክ አይልም። ስለ ንጽሕናና አያያዝ ደንብ ማውጣት ይችላሉ። እና ከደብዳቤው ጋር ትንሽ መቀስም አንሺ።

አትክልተኛው ሳንዲያጎ

ገነት ልክ ናት። ቅርንጫፉን አሁን አትንኪው። ከላይ ያሉትን የደረቁ የአበባ ዘንጎች ብቻ ልቀሚ፤ በአንድ ጊዜ መልኩ ይለወጣል። ዋናው መከርከም ዝናቡ ሊገባ ሲል፣ ኦክቶበር አካባቢ ነው። ያኔ እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ድረስ ዝቅ ብታደርጊውም ይችላል። ደፋር ሁኚ። ያልተከረከመ ኤንሴሊያ ሁለት ሦስት ዓመት ሲሆነው መሐሉ ባዶ ይሆናል፣ ቅጠሉ ከጫፍ ጫፍ ብቻ ይቀራል።

አንድ ነገር ግን ተዪላቸው። ከኋላ በኩል፣ ለመንገድ በማይታየው ጎን፣ የደረቀውን አበባ ከነፍሬው ለወፎቹ ተዪው። ጎልድፊንች የሚሏት ትንሽዬ ቢጫ ወፍ ዘሩን እየለቀመች ትበላለች።

ከእግሩ ሥር ደግሞ ጠጠር ወይም የተፈጨ ግራናይት ብትበትኚበት ያምራል። ጭራሮው ሆን ተብሎ የተተወ ይመስላል። ማኅበር የሚባል ነገር ደግሞ የሚፈልገው ሆን ተብሎ የተደረገ መምሰሉን ነው፣ በኔ ልምድ።

ዳኒ ኢንግልዉድ

እኔ የዚህ ሁሉ ጣጣ አይገባኝም። ጋዛኒያ ተክላችሁ አትተኙም? ርካሽ ነው፣ መሬት ላይ ተኝቶ ይዘረጋል፣ ቢጫም ብርቱካንማም አለው። ፍሪዌይ ዳር ያለ ውሃ የሚኖረው እሱ አይደል? ፀሐይ ሲመታው ይከፈታል፣ ሲመሽ ይዘጋል። ልጆቼ በጣም ነው የሚወዱት።

አትክልተኛው ሳንዲያጎ

ዳኒ ወንድሜ፣ ጋዛኒያ ጥሩ ተክል ነው፤ ግን ከግቢህ አጥር ውስጥ ቢቀር። አይቀርም። የደቡብ አፍሪካ ተወላጅ ነው፣ ዘሩ ፀጉር ስላለው ነፋስ ይወስደዋል። እኛ ባሕር ዳር ነን፣ ነፋስ አይጠፋም። የካሊፎርኒያ የወራሪ ተክሎች ምክር ቤት አንዱን የጋዛኒያ ዓይነት ከወራሪዎች መዝገብ አስገብቶታል። ከተራራው ሥር ወይም ከባሕሩ ገደል አጠገብ የሚኖር ደንበኛ ሲጠይቀኝ አልተክልም ነው የምለው። መሐል ከተማ፣ ዙሪያው ሲሚንቶ ከሆነ ብዙም አልከራከርም።

ዳኒ ኢንግልዉድ

የኔማ ዙሪያው ሲሚንቶ ነው። ስለዚህ ተፈቅዶልኛል ማለት ነው 😄

ሰላም አደላይድ

ከአውስትራሊያ ነኝ፣ ጣልቃ ገባሁ ይቅርታ። እኛ ጋ በደቡብ አውስትራሊያ ጋዛኒያ መሸጥ ክልክል ነው። በባሕሩ ዳር ያለውን አሸዋና የመንገዱን ዳር ሁሉ ወሮታል። አበባው እውነትም ያምራል። ሲያምር ነው ማንም ሳይነካው የተስፋፋው።

ገነት ኦክላንድ

ጋዛኒያ ካልሆነ፣ ማኅበሩም ጭራሮ ካልወደደ፣ ዩሪዮፕስ የሚባለውስ? እሱም ከደቡብ አፍሪካ ነው፣ ከኬፕ አካባቢ። ቁመቱ እስከ ወገብ ይደርሳል፣ ቅጠሉ ግራጫማ ሆኖ እንደ ላባ የተሰነጣጠቀ ነው። ዓመቱን ሙሉ ለማለት ይቻላል አበባ አያጣም። የባሕር ነፋስ አይበግረውም። ከኤንሴሊያ ትንሽ የበለጠ ውሃ ይፈልጋል፣ ግን ከሳር ጋር አይወዳደርም። ካበበ በኋላ ጫፍ ጫፉን መቁረጥ ነው፣ አለዚያ እግሩ ይረዝማል።

በሴፕቴምበርም አበባ አያጣም፣ ለእንቁጣጣሽሽ ይሆናል።

የመንዝ ልጅ

ዩሪዮፕስ የሚባለውን ፈልጌ ፎቶውን ሳየው ደነገጥኩ። ይሄ እኛ አገር ጓሳ ላይ ያለው ቁጥቋጦ አይደለም እንዴ? ጭላዳው የሚውልበት!

አትክልተኛው ሳንዲያጎ

ዘመዱ ነው። ያንተ አገሩ ዩሪዮፕስ ፒኒፎሊየስ ይባላል፣ ቅጠሉ ቀጭንና ጠንካራ ነው። ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ስለሆነ ከብርዱ ጋር ነው የሚታገለው። ነርሰሪ የሚሸጠው ዩሪዮፕስ ፔክቲናተስ ነው። አበባቸውን ጎን ለጎን ብታያቸው ግን ወንድማማች መሆናቸው ያስታውቃል።

የመንዝ ልጅ

ነገ ሄጄ እገዛለሁ። አለቀ።

አስቴር አሽዶድ

ሻሎም፣ ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ከእስራኤል ነው የምጽፈው። እኛ ጋም እንደናንተ ነው፤ ዝናቡ በብርዱ ወራት ይመጣል፣ ከሜይ ጀምሮ ጠብታ የለም። በፌብሩዋሪና በማርች ባዶ መሬት ሁሉ ቢጫ ይሆናል። ሐርጺት ይሉታል በዕብራይስጥ። ማንም አይተክለው፣ ማንም አያጠጣው። ከመጀመሪያው ዝናብ በኋላ ይበቅላል፣ ሙቀቱ ሲመጣ ዘሩን አራግፎ ይሞታል። ልጆች አክሊል ይሠሩበታል። ሚሚ፣ ለምን እሱን አትሞክሪውም?

አትክልተኛው ሳንዲያጎ

አስቴር፣ አበባሽን አውቃታለሁ፤ እዚህ ክራውን ዴዚ ትባላለች። እናንተ ጋ አገሯ ስለሆነ የሚቆጣጠራት ነፍሳቱም ተክሉም አለ። እዚህ ሳንዲያጎ ዳርቻ ግን አረም ናት። ኤንሴሊያው ይበቅልበት የነበረውን ኮረብታ ትሸፍነዋለች። በጎ ፈቃደኞች እየወጡ ነው የሚነቅሏት። ሚሚ እንዳትተክያት።

አስቴር አሽዶድ

ሃሃ፣ እንግዲያው እኔም የናንተን ልክሰስ። ከአሜሪካ የመጣ ሄቴሮቴካ የሚባል ቢጫ አበባ አለ። አሸዋው በነፋስ እንዳይሄድ ብለው ነው ያመጡት አሉ። አሁን ከአሽዶድ ወጣ ስትዪ አሸዋውን ሁሉ ይዞታል። ቅጠሉን ስትጨምቂው ካምፎር ካምፎር ይሸታል። በሙቀቱ ማብቂያ፣ ሌላው ሁሉ ደርቆ ሳለ፣ እሱ ብቻ ቢጫ ሆኖ ታዪዋለሽ። የእኛ ሰዎች ሲያዩት «አደይ በሴፕቴምበር!» ብለው ይቆርጡታል። ቢቆረጥ ጥሩ ነው፣ ዘር ከማውጣቱ በፊት ከሆነ።

አትክልተኛው ሳንዲያጎ

ልክ ነሽ፣ ሄቴሮቴካ ሰባክሲላሪስ ነው። ደግነቱ እሱን ስትጠቅሺ ለሚሚ የሚሆን ነገር ትዝ አለኝ። የሱ ዘመድ የሆነ፣ እዚሁ የኛው ዳርቻ አሸዋ ላይ የሚበቅል ሄቴሮቴካ ሴሲሊፍሎራ አለ። ከጁላይ እስከ ኦክቶበር ነው የሚያብበው። ቁመቱ አጭር፣ ቅጠሉ ፀጉራም፣ አበባው ትንንሽ ቢጫ።

ለሴፕቴምበር ከሁሉ የምመርጠው ግን ግሪንዴሊያ ነው። በተለይ መሬት ላይ ተኝቶ የሚዘረጋው ዓይነት። ተወላጅነቱ ከዚህ ወደ ሰሜን ባለው ዳርቻ ነው፤ ሎንግ ቢችም ይስማማዋል። በበጋ አልፎ አልፎ ትንሽ ውሃ ካገኘ ከሜይ እስከ ኦክቶበር ድረስ አበባ አያጣም። እምቡጡን ሳይከፈት ጠጋ ብለሽ ብታዪው መሐሉ ላይ ነጭ ሙጫ ተሞልቶ ታገኚዋለሽ። በጣት ሲነኩት ይጣበቃል፣ እንደ በለሳን ዓይነት ሽታ አለው። ከዚያ ሙጫው መሐል ነው ቢጫው ቅጠል እየተገፋ የሚወጣው።

ችግሩ አሁን የሚተከልበት ጊዜ አይደለም። ኦገስት ላይ የተተከለ የካሊፎርኒያ ተወላጅ ተክል ውሃ ሲሉት ይበሰብሳል፣ ሲተዉት ይደርቃል። ኖቬምበር ጠብቂ። የዘንድሮው እንቁጣጣሽ በግሪንዴሊያ አይደርስም።

ሕይወት ሲልቨር ስፕሪንግ

የምኖረው ባሕር አጠገብ አይደለም ግን አንድ ጥያቄ ላቅርብ። ለምን ራሱን አደይን ከአገር ቤት አናመጣም? አክስቴ ዘሩን በፖስታ ልላክልሽ ትላለች።

ገነት ኦክላንድ

ሕይወት፣ በፖስታ እንዳትልክ። ከውጭ የሚገባ ዘር ከላኪው አገር የጤንነት ምስክር ወረቀት ወይም የአሜሪካ እርሻ መሥሪያ ቤት የሚሰጠው የአነስተኛ ዘር ፈቃድ ያስፈልገዋል። በሻንጣ ይዞ የሚመጣም ማሳወቅ አለበት። ካላሳወቀ ዘሩ ይወሰዳል፣ ቅጣትም አለው።

ደግሞም አደይ የደጋ ልጅ ናት። ዘሯ ክረምቱን ጠጥቶ ነው መስከረም ላይ የምትፈነዳው። እዚህ ዳርቻ ላይ በእነዚያው ወራት ጠብታ የለም። አጠጥተሽ ማሳደግ ይሆናል፣ ያ ደግሞ የሳሩን ያህል ውሃ ነው።

ቤዛ ኤልኤ

የአደይ የአክስት ልጅ ግን እዚሁ ይሸጣል! ቢደንስ ተብሎ የሚንጠለጠል ማሰሮ ውስጥ ታገኙታላችሁ። እኔ አፓርትመንት ነው የምኖረው፣ በረንዳዬ ላይ አለኝ። አደይ ቢደንስ ማክሮፕቴራ ናት፣ ይሄኛው ቢደንስ ፌሩሊፎሊያ፣ ከሜክሲኮና ከአሪዞና የመጣ። ቢጫው ያው ቢጫ ነው። ለእንቁጣጣሽ ዕለት አበባ አየሁሽ የሚሉ ልጆች ሲመጡ ከሱ ነው ቆርጬ የምሰጣቸው።

አትክልተኛው ሳንዲያጎ

ሚሚ፣ ለዘንድሮው ያልተገኘው መልስ ይኸው ነው። ሁለት ሦስት ማሰሮ ቢደንስ ገዝተሽ በሩ ላይ አስቀምጪ። ማሰሮ ስለሆነ ውሃ ይፈልጋል። እናትሽ ያጠጡት!

ዳኒ ኢንግልዉድ

እኔ ደግሞ ሌላ ሐሳብ መጣልኝ። ለወፍ ተብሎ በከረጢት የሚሸጠው ጥቁር ዘር ኑግ ነው አይደል? የኑግ አበባ እኮ ቢጫ ነው፣ እርሻው ሲያብብ አገር ያሳምራል። ብዘራው አይበቅልም?

አትክልተኛው ሳንዲያጎ

ኑግ ነው፣ ልክ ነህ። ጎልድፊንቿ የምትወደው እሱን ነው። ግን አሜሪካ የሚገባው ኑግ ከነአረም ዘሩ እንዳይበቅል ተብሎ በከፍተኛ ሙቀት ይታከማል፣ 120 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ። ከሚያሰጉት አረሞች አንዱ ኩስኩታ የሚባለው፣ ሥር የሌለው ቢጫ ክር መሳይ ጥገኛ ተክል ነው። ስለዚህ አንዳንዴ አንድ ሁለት ፍሬ ካመለጠ ነው እንጂ አይበቅልም። ለወፏ ስጣት።

ፋሲካ ኩዌት

ሰላም ለናንተ ይሁን። እኔ ኩዌት ቤት ውስጥ ነው የምሠራው፣ ግቢውን የምንከባከበውም እኔ ነኝ። እዚህ ብሔራዊ አበባቸው አርፈጅ ይባላል፣ ቢጫ ሆኖ ትንንሽ ነው። በረሃው ላይ በራሱ የሚበቅል ቁጥቋጦ ነው። በጸደይ ያብባል፣ በበጋ ደርቆ እንጨት ይሆናል። አሠሪዬ አሮጊት ናቸው፤ የደረቀውን አይተው «ተዪው፣ ተኝቷል» ይሉኛል። አሁን የናንተን ሳነብ ገረመኝ። ጋዛኒያም እንተክላለን፤ ኖቬምበር ተተክሎ ሜይ ላይ በሙቀቱ ያልቃል። እሱን በየዓመቱ ነው የምንገዛው።

ቤዛ ኤልኤ

ፋሲካዬ፣ እናትየዋ ጥበበኛ ናቸው። አምላክ ይጠብቅሽ።

ሚሚ ሎንግ ቢች

ተመለስኩ! ማታ ከሥራ ስገባ እናቴን ይዤ ወጣሁና አንድ በአንድ ፋቅናቸው። አረንጓዴ ናቸው! እናቴ ራሷ በጥፍሯ ፍቃ አየች። እምቡጥ ያልካትንም አገኘናት፣ መነጽር አድርገን።

አንዱ ብቻ ሞቷል። ከጎረቤት አጥር ሥር ያለው። እስከ አፈሩ ድረስ ደረቅ ነው፣ ስስበው ያለ ምንም ትግል ተነቅሎ መጣ። ሥሩ ጠቁሯል፣ ሽታውም ደስ አይልም። የሚገርመው እሱ ነው ከሁሉ መጨረሻ ቅጠሉን የጣለው። ከሁሉ ደህና የሚመስለው እሱ ነበር።

አትክልተኛው ሳንዲያጎ

የጎረቤትሽ ስፕሪንክለር እዚያ ጥግ ይደርሳል?

ሚሚ ሎንግ ቢች

ይደርሳል። ሳር አላቸው። በሳምንት ስንቴ እንደሚያጠጡ ባላውቅም አጥሩ ሁሌ እርጥብ ነው።

አትክልተኛው ሳንዲያጎ

በቃ እሱ ነው። ሥር ሲጠቁርና ሲሸት ብስባሽ ነው፣ በጥም የሞተ ሥር ቡናማና ደረቅ ሆኖ ይሰበራል። እዚያ ቦታ ላይ ኤንሴሊያ አትመልሺ። ለዩሪዮፕስ ወይም ለግሪንዴሊያ ልቀቂው፣ እነሱ ጥቂት እርጥበት ይችላሉ። ከመትከልሽ በፊት አፈሩን ፈትሺው። አንድ ክንድ ቆፍሪና ውሃ ሙይበት። ከደረቀ በኋላ ድጋሚ ሙይው። ሁለተኛው ውሃ በማግስቱም ካልሰረገ ውሃ የማያሳልፍ መረሬ አፈር ነው፤ ጉብታ ሠርተሽ ከጉብታው ላይ ትተክያለሽ እንጂ ጉድጓድ ውስጥ አሸዋ አትጨምሪ። መረሬ መሐል ያለ አሸዋ ባልዲ ነው የሚሆነው።

ሚሚ ሎንግ ቢች

እናቴ ምን እንዳለች ልንገራችሁ? ዝም ብላ ቆየችና «እንግዲህ ጎረቤትሽን ንገሪያት፣ እኔን ብቻ አትቆጪ» አለችኝ።

ገነት ኦክላንድ

😂😂 ልክ ናቸው።

ዮናስ ቬንቹራ

ዘግይቼ ነው ያየሁት። ማንም ያልጠቀሰው ሌፕቶሲን የሚባለውስ? ድሮ ኮሪዮፕሲስ ጃይጋንቲያ የሚባለው። የኔ ተወዳጅ እሱ ነው። ግንዱ እንደ ሰው ክንድ ወፍራም፣ አናቱ ላይ እንደ እንስላል የሳሳ ቅጠል፣ ከዚያ ላይ ቢጫ አበባ እቅፍ ሙሉ። አናካፓ ደሴት ላይ ጸደይ ሲመጣ ደሴቷን ያለብሳታል፤ ጥሩ አበባ በያዘበት ዓመት ከኛ ከተማ ዳርቻ ቆመህ ቢጫውን ታየዋለህ። ማሊቡ ፖይንት ዱም ላይም አለ፣ ጀልባ ሳትሳፈር።

ግን የሚሚ ማኅበር ይሄን ቢያይ ፖሊስ ይጠራል። በበጋ አብዛኛውን ቅጠሉን ያራግፍና ግንዱ ብቻ ይቀራል፤ አናቱ ላይ የደረቀ ቅጠል ተንጠልጥሎ። በዚያን ጊዜ ያጠጣው ሰው ግንዱን ያበሰብሰዋል።

አትክልተኛው ሳንዲያጎ

ዮናስ፣ ለጀማሪ ከባድ ነው ብዬ ነው የተውኩት። አሸዋማ አፈርና ቆራጥ ልብ ይፈልጋል።

ሕይወት ሲልቨር ስፕሪንግ

ሌላ ጥያቄ ይቅርታ። ሎስ አንጀለስ ያለች እህቴ ኤንሴሊያ ገዛሁ ብላ ፎቶ ላከችልኝ። ቅጠሉ ብር የመሰለ ነጭ ነው፣ የሚሚ ግን አረንጓዴ ነው። ተሳስታ ይሆን?

አትክልተኛው ሳንዲያጎ

አልተሳሳተችም፣ የበረሃውን ወንድም ነው የገዛችው። ኤንሴሊያ ፋሪኖሳ ይባላል። ነጩ ነገር ፀጉር ነው፤ ፀሐዩን እየመለሰ ቅጠሉን ያቀዘቅዘዋል። ድርቁ ሲበረታ አዲስ የሚወጣው ቅጠል የባሰ ይነጣል። እህትሽ ከባሕሩ ራቅ ብላ፣ ሸለቆው ውስጥ ከሆነች በጣም ይመቸዋል። ጉም በሚበዛበት ባሕር ዳር ግን ይንቀዋለላል። ሜይና ጁን ላይ እኛ ጋ ፀሐይ እስከ እኩለ ቀን አትታይም፤ እሱ ይሄን አይወድም። ለባሕር ዳር አረንጓዴው፣ ለሸለቆ ነጩ።

ደግሞ ግንዱ ሲቆሰል ቢጫ ሙጫ ያወጣል። ስፓኒሾች ኢንሲየንሶ ይሉታል፣ እጣን ማለት ነው። የድሮዎቹ የካቶሊክ ሚሲዮኖች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያጨሱት ነበር።

ቤዛ ኤልኤ

ለቡናስ ይሆናል?

አትክልተኛው ሳንዲያጎ

እኔ የአገሬን እጣን አልለውጥም። ሞክሪና ንገሪን።

ዳኒ ኢንግልዉድ

እሺ ተሸነፍኩ። የጓሮዬን ሳር ነቅዬ ይሄን ልትከል ብል የውሃ ድርጅቱ የሚከፍለው ገንዘብ አለ ይባላል፣ እውነት ነው?

ገነት ኦክላንድ

አለ። የደቡብ ካሊፎርኒያ ነዋሪ ስለሆንክ ሶካል ዋተር ስማርት የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ነው የሚመዘገቡት። የሚከፈለው በካሬ ጫማ ነው፣ መጠኑ እንደየከተማው ይለያያል። ዋናው ነገር ሳሩን ከመንቀልህ በፊት ማመልከትና ፈቃዱን መጠበቅ ነው። መጀመሪያ ነቅለህ ከሄድክ አይከፍሉህም። ፎቶም አንሳ፣ ሳሩ እንዳለ።

ዳኒ ኢንግልዉድ

ዛሬ ቅዳሜ ዶማ ይዤ ልወጣ ነበር እኮ። ተረፍኩ።

አትክልተኛው ሳንዲያጎ

ዶማውን ለኖቬምበር አስቀምጠው። ችግኝ ስትገዛ ትልቁን ማሰሮ አትምረጥ። የአንድ ጋሎኑ ቶሎ ሥር ይይዛል፣ በሁለተኛው ዓመት ከትልቁ ጋር እኩል ይሆናል። ሰን ቫሊ ያለው የቴዎዶር ፔይን ፋውንዴሽን የካሊፎርኒያ ተወላጅ ተክል ብቻ ነው የሚሸጠው፣ ሄደህ ጠይቃቸው። አንዱን ከሌላው በሜትር ተኩል አራርቀህ ትከል። ትንሽ ሲሆኑ ባዶ ይመስላል፣ ግድ የለህም። መሐሉን በዓመታዊ አበባ ሙላው።

ሚሚ ሎንግ ቢች

የመጨረሻ ጥያቄ። ለማኅበሩ ብዬ የለቀምኩት የደረቀ አበባ አንድ ዘንቢል ሙሉ ሆኗል። እናቴ አትጣዪው፣ ዘር አለበት ትላለች። ይበቅላል?

አትክልተኛው ሳንዲያጎ

ይበቅላል፣ ያውም ያለ ምንም ጣጣ። አበባውን በመዳፍሽ እሺውና ንፊው፤ እናትሽ ሰፌድ ካላቸው ከኔ የበለጠ ያውቁበታል። ጠፍጣፋ፣ ጠቆር ያለ፣ ጠርዙ ላይ ነጭ ፀጉር ያለው ነው ዘሩ። ውስጡ ባዶ የሆነውን ንፋሱ ይወስደዋል። በወረቀት ፖስታ አድርጊና ጥላ ያለበት ደረቅ ቦታ አኑሪው፤ ፕላስቲክ ውስጥ ይሻግታል። የመጀመሪያው ደህና ዝናብ ሊጥል ሲል አፈሩን በመቆፈሪያ ጫር ጫር አድርገሽ በትኚበትና ስስ አፈር አልብሺው።

ዳኒ፣ ከሚሚ ጋር ተነጋገሩ። አንድ ዘንቢል ለሁለት ግቢ ይተርፋል።

ዳኒ ኢንግልዉድ

ሚሚ፣ በውስጥ መስመር ጻፍኩልሽ። ለእናትሽ ጥሩ ሰፌድ ይዤ እመጣለሁ።